«ታስረው ያውቃሉ?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኮቪድ ሳይገባ ማለት ነው፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀምጠናል። ፎቶ ቤት ይባል እንጂ ሥራው ብዙ ነው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎርም ይሞላል። እኛ የገባነው ዝናብ ይዞን ነው (ቦንጋ ሄዶ ዝናብ ያልያዘው ሰው ካለ ይንገረን)። ከደካ የመጡ አንድ አባት ቀድመውን ተቀምጠዋል። ልጃቸው አሜሪካ ዜግነት አግኝታ የመኖሪያ ቪዛ አስጀምራላቸዋለች። የቀረው በኢንተርኔት የሚሞላው ረጅሙ ፎርም ነው።

ጸሐፊው ልጅ ጎበዝ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን (ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር የተለመደው ጭቅጭቅ ተደርጎ)፣ ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ የኖሩባቸው ቦታዎች እያለ ወረደ። እንግሊዝኛው ሲጠጥርበት እኛን ይጠይቃል። ከዚያ የደህንነት ጥያቄዎች የሚባሉት ገጾች ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ጨመረ። መጠየቁን ትቶ ብቻውን ኖ፣ ኖ፣ ኖ እያለ መጫን ጀመረ።

«ምንድነው ኖ የምትለው?» አሉ አባትየው።

«አባባ፣ ይሄ ገጽ ሁሉም ኖ ነው። ሽብርተኛ ነዎት ወይ፣ ሰው ገድለዋል ወይ፣ ታስረው ያውቃሉ ወይ ምናምን ነው።»

«ታስሬማ አውቃለሁ» አሉ።

ልጁ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

በ1970 ዓ.ም ነው። መምህር ነበሩ። «ዴሞክራሲያ» የተባለችው የኢሕአፓ ጋዜጣ እጃቸው ላይ ተገኘች ተብሎ፣ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ አውራጃ፣ በኋላም ጅማ፣ በድምሩ ስምንት ወር። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ፍርድ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ስማቸው ተጠርቶ ውጡ ተባሉ፣ ወጡ። ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አባባ፣ እሱ እኮ አይቆጠርም» አላቸው። እሳቸው ደግሞ «ስምንት ወር እንዴት ነው የማይቆጠር? እኔ እያንዳንዱን ቀን ቆጥሬዋለሁ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኛ ዞረው የጠየቁት ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። «የለም ብል ውሸት ነው። አዎ ብል ልጄን ላላይ ነው። እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?»

የተማርነው መልስ አልነበረንም። ፎርሙን ሳይልኩት አስቀምጠው ሄዱ፤ እኛም እናጣራለን አልን። ስናጣራ የሳቸው ጥያቄ ከሳቸው የሰፋ ታሪክ ይዞ መጣ። ያንን ጥያቄ «ኖ» ብለው ያለፉ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። እነሱ ግን የታሰሩት ሳይሆኑ ያሰሩት ናቸው።

በር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ

በር ላይ ቆሞ የመጣውን እንግዳ «ማነህ? ከየት ነህ? ምን ሠርተህ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ፈረንጅ የፈጠረው ነገር አይደለም። ከፋ ራሷ ኢሚግሬሽን ነበራት ብንል ማጋነን አይሆንም። የከፋ ነገሥታት ግዛታቸውን ሂሪዮ በሚባል ጥልቅ ቦይ አጥረው፣ በተወሰኑ በሮች ብቻ ዘበኛ አቁመው ነበር ሰው የሚያስገቡት የሚያስወጡት። የውጭ ነጋዴም እንደልቡ አይዘዋወርም። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው በእስረኝነት ወደ ሸዋ ሲወሰዱ ያ በርም አብሮ ተዘጋ። (ወይም ተከፈተ። ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደማየት ነው።) ስለዚህ በዚህ አገር የታወቀው እስረኛ ወንጀለኛ ሳይሆን ንጉሥ ነው። ይህን ይዘን እንቀጥል፤ «መታሰር» እና «ወንጀል» በኛ ታሪክ ውስጥ አንድ ቤት አድረው አያውቁም።

አሜሪካኖቹ ጉዳዩን በሕግ የጀመሩት በ1875 እ.ኤ.አ. ነው። ፔጅ አክት የተባለው ሕግ በአገራቸው በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው ቅጣት ላይ ያሉ ሰዎች እንዳይገቡ ከለከለ። (ሕጉ በዋናነት የሚታወሰው ቻይናውያን ሴቶችን በማግለሉ ነው፤ እሱ ሌላ ጉድ ነው።) የሚገርመው ግን ያው ሕግ በፖለቲካ ምክንያት የተፈረደበትን ሰው ከክልከላው ነጻ ማድረጉ ነው። ያኔ ከአውሮፓ አብዮቶች ሸሽቶ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ንጉሥ ተቃውሞ የታሰረ ሰው ከኪስ አውላቂ እኩል እንደማይታይ ያውቁ ነበር። ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መርከቦች የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ዝርዝር ሲያቀርቡ፣ ሰውየው እስር ቤት ገብቶ ያውቅ እንደሆነ የሚሞላበት ዓምድ ነበረው። ኤሊስ ደሴት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይህንን ተጠይቆ አልፏል። ስንቱ እውነቱን ተናገረ? መርከብ ላይም የኛን ፎቶ ቤት ልጅ የሚመስል «ሁሉም ኖ ነው» የሚል ጸሐፊ እንደነበረ እንጠረጥራለን።

ጥያቄው ዛሬም አለ፤ እንዲያውም ሰፍቷል። የመኖሪያ ቪዛ ፎርሙ የሚጠይቀው ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ብቻ አይደለም። ተይዘህስ ታውቃለህ ወይ ይላል፤ በይቅርታ ወይም በምሕረት የቀረ ቢሆንም ተናገር ይላል። የዜግነት ማመልከቻው ደግሞ በማንኛውም የሕግ አስከባሪ መያዝን ይጨምራል።

እኛ ጋ «መታሰር» ምንድነው?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ፎርሙን ያዘጋጁት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው እስር ፖሊስ አለው፣ መዝገብ ቁጥር አለው፣ ዳኛ አለው፣ በመጨረሻም ወረቀት አለው። እኛ ጋ ያለው እስር ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱም የለውም።

ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲያደርግ፣ ሰው የማሰር ሥልጣን በየሰፈሩ ተበትኖ ነበር። ቀበሌ ያስራል። ከቀበሌ በላይ ያለው ከፍተኛም ያስራል። አዲስ አበባ 25 ከፍተኛ ነበራት፤ ከፍተኛው እስር ቤትም፣ መርማሪም፣ ወፌ ላላ የሚሰቀልበት ክፍልም ሊኖረው ይችል ነበር። (ወፌ ላላ ምን እንደሆነ የማታውቁ ታናናሾቻችን ካላችሁ፣ እጅና እግር ታስሮ በእንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ውስጥ እግርን መገረፍ ነው። ስሙ የልጆች ጨዋታ ይመስላል።) በክፍለ ሀገርም እንዲሁ ነበር። የዛሬው ከፋ ዞን ያኔ ዋና ከተማው ጅማ የሆነው የከፋ ክፍለ ሀገር አካል ስለነበር የደካው አባት መጨረሻቸው ጅማ መሆኑ አይገርምም። «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል ሲነሳ ወላጆቻችን ለምን ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰው እንደዚህ ታስሮ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ምንም። ኋላ ላይ ፌዴራል ፖሊስ ሄዶ አሻራ ቢሰጥ፣ ከወንጀል ነጻ የሚለውን ወረቀት ያለ ችግር ያገኛል። የስምንት ወሩ እስር የሚታወቀው በታሳሪው፣ በቤተሰቡና ባሳሪው ዘንድ ብቻ ነው። «ኖ» ለማለት የሚገፋፋውም ይኸው ነው፤ ማን ያውቃል? ነው ነገሩ።

ይህ የድሮ ሰዎች ጣጣ ነው የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰን። ከምርጫ 97 በኋላ በጥቅምትና ኅዳር 1998 ዓ.ም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በጭነት መኪና ወደ ደዴሳ ተወስዷል፤ አብዛኛው ሳይከሰስ ተመልሷል። በ2009 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ከዚያ የባሰ የቃላት ችግር አመጣብን። ጦላይና አዋሽ አርባ የገቡት ሰዎች እንደ መንግሥት አባባል «የተሃድሶ ሥልጠና» ነው የወሰዱት፤ ሲወጡም «አይደገምም» የሚል ቲሸርት ለብሰው ተመርቀዋል። በቲሸርት የተመረቀ ሰው ታስሮ ያውቃል ወይስ ሠልጥኖ ያውቃል? የሚያስቅ ጥያቄ ይመስላል፤ ፎርም ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን አያስቅም። በ2014 ዓ.ም አዋጅ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በማንነታቸው ከየቤታቸው የተወሰዱ የትግራይ ተወላጆች፣ ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ በኋላ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ የታሰሩ ሰዎች፣ ሁሉም ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ሊጠየቁ ይችላሉ። አስተያየታችንን በግልጽ እንናገር፤ በር ተቆልፎብህ፣ መውጣት ተከልክለህ፣ ጠባቂው መሣሪያ ይዞ ካደረ ታስረሃል። ሥልጠና ከሆነ አቋርጦ መውጣት ይቻል ነበር።

በ2010 ዓ.ም የወጣው የምሕረት አዋጅ ተጠቃሚዎችም አሉ። በኛ ሕግ ምሕረት ያገኘ ሰው ወንጀሉም ፍርዱም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ይቅርታ ግን ቅጣቱን እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። ስለዚህ ምሕረት ያገኘ ሰው አገር ውስጥ «ተፈርዶብኝ አያውቅም» ቢል ሕግ አብሮት ይቆማል። አሜሪካ በር ላይ ሲደርስ ግን ፎርሙ ምሕረትም ቢሆን ንገረኝ ይለዋል። አዲስ አበባ የተሰረዘው ነገር እዚያ ይነበባል።

«ኖ» ብለው ያለፉት

አሁን ወደ ሌሎቹ እንሂድ።

አትላንታ ከተማ ውስጥ ኮሎኒ ስኩዌር የሚባል ሆቴል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እጅግአየሁ ታዬ እዚያ አስተናጋጅ ነበረች። አንድ ቀን የእንግዶችን ሻንጣ የሚሸከመውን ሰው ስታየው ታውቀዋለች። ቀልቤሳ ነገዎ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረ፣ እሷን ራሷን ሲያስመረምር በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አሠሪ የሚከፍላቸው ሁለት ስደተኞች። ይህን ፊልም ላይ ብናየው «አጋጣሚውን አበዙት» ብለን እንተች ነበር።

እጅግአየሁ፣ ካናዳ ትኖር የነበረችው ሂሩት አበበ ጅሪ፣ እና ኤልሳቤጥ ደምሴ ሆነው በ1990 እ.ኤ.አ. በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። በ1993 የአትላንታው ፌዴራል ፍርድ ቤት ተጠያቂ ነው ብሎ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በጥር 1996 አጸናው።

በሁለቱ ፍርዶች መካከል፣ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ቀልቤሳ ነገዎ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመን አነበብነው። አንዱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰው አሰቃይተሃል ብሎ ፈርዶበታል፣ ሌላው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቀኝ እጁን አስነስቶ አስምሎ ዜጋ አድርጎታል። እንዴት ሆነ? የዜግነት ማመልከቻው ሰውን በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት አሳድደህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚሞላው ደግሞ አመልካቹ ራሱ ነው። ዜግነቱን ለማስነጠቅ መንግሥት ክስ የመሠረተው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሰውየው ራሱ ዜግነቱን ለመመለስ ተስማማ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያሰቃዩ ሰዎችን ለማባረር የሚያስችል አዲስ ሕግ ወጣ፤ በ2005 ተያዘ፣ በጥቅምት 2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እዚህ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ቡና ቤት ውስጥ ነው። (ቡናው ከኛ ሰፈር ነው የሄደው፤ እንዲያ ሆኖ ከመቅረት ግን አላዳነንም።) ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምትባል ከተማ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የሚያዘወትሩት አንድ ካፌ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የቀድሞ የከፍተኛ 15 እስረኛ የሆነ ሰው እዚያ የተቀመጠ አዛውንት ያያል። ከፍለኝ ዓለሙ ወርቁ ነው፤ የከፍተኛ 15 ጠባቂ የነበረ። ሰውየው በ2004 እ.ኤ.አ. በኬንያ በኩል፣ በሌላ ሰው ስም፣ በስደተኛነት ገብቶ ዜጋ ሆኗል። ጥያቄዎቹን በሙሉ «ኖ» ብሎ አልፏቸዋል። ከሰላሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ፊቱን የለየው አሻራም ኮምፒውተርም ሳይሆን ያሰረው ልጅ ዓይን ነው። በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፣ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. 22 ዓመት ተፈረደበት።

ልብ በሉ፣ 22 ዓመቱ የተፈረደበት ሰው በማሰቃየት ተከሶ አይደለም። በክሱ ላይ የተጻፈው ዜግነትን በሐሰት ማግኘትና የሌላ ሰው ማንነት መጠቀም ነው። ለምን? አሜሪካ በውጭ አገር የተፈጸመ ማሰቃየትን የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ 1970ዎቹን አይደርስም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የያዘው ብቸኛ ገመድ ፎርሙ ነው። በናዚ ዘመን ትሬብሊንካ ካምፕ ጠባቂ በነበረው በፌዶሬንኮ ጉዳይም እንዲሁ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ዜግነቱን ሲያስነጥቀው ምክንያቱ ለቪዛ ሲያመለክት ስለ ጦርነቱ ዘመን የተናገረው ውሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለመደ። በ2019 ቨርጂኒያ ውስጥ የተያዘው መርጊያ ነጉሴ ሀብተየስ በዜግነት ማጭበርበር ጥፋቱን አምኖ 37 ወር ተፈረደበት። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆርጂያ ውስጥ አንድ የዳኞች ጉባኤ መዘምር አበበ በላይነህን፣ ዲላ ውስጥ እስረኞችን ሲመረምር የነበረ ሰውን፣ በዚያው ዓይነት ክስ ጥፋተኛ ብሎታል። ቀይ ሽብር ካለፈ ወደ ግማሽ ክፍለ ዘመን እየተጠጋ ማለት ነው።

ሆላንዶች ሌላ መንገድ ሄዱ። በደብረ ማርቆስ የደርግ ባለሥልጣን የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የዕድሜ ልክ እስራት የፈረዱበት በፎርም ውሸት ሳይሆን በጦር ወንጀል ነው። ምስክሮች ስለ ፎርም አልተጠየቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለተገደሉት ሰዎች ተጠየቁ። ከሁለቱ የትኛው ፍትሕ ነው ብትሉን የሆላንዱን እንመርጣለን። አንድ ሰው ሰው ገርፎ በፎርም ውሸት ሲቀጣ የተገረፈው ሰው ስም ከፍርዱ አርዕስት ላይ ይጠፋል። ቢሆንም የዴንቨሩ ፍርድ ቤት ምስክሮቹን ቁጭ አድርጎ ሰምቷቸዋል፤ ይህንን አንነፍገውም።

በ2014 እ.ኤ.አ. የዜግነት ማመልከቻው ሲታደስ በእስር ቤት፣ በማጎሪያ ካምፕ፣ ሰው በግድ በሚያዝበት ቦታ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ተጨመሩበት። እስከዚያ ድረስ ከታሳሪ እስሩን በዝርዝር ይጠይቅ የነበረ ፎርም አሳሪውንም በዝርዝር መጠየቅ ጀመረ።

አዎ ብሎ መጻፍ

እንግዲህ የደካው አባት ጥያቄ ላይ እንመለስ። «አዎ» ቢሉ ምን ይሆናሉ?

ሕጉን ያነበብነው እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ አንባቢ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው ጠበቃ ያማክር። ግን የገባን ይህ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰውን በወንጀል ምክንያት የሚከለክለው በመሠረቱ ሲፈረድበት፣ ወይም ወንጀሉን ፈጽሜአለሁ ብሎ ሲያምን ነው። ተይዞ ሳይከሰስ የተለቀቀ ሰው በመያዙ ብቻ አይከለከልም። ንጹሕ የፖለቲካ ጥፋትም ከ1875 ጀምሮ እንደነበረው ዛሬም ከክልከላው ውጭ ነው። ጋዜጣ በማንበብ ስምንት ወር መታሰር በየትኛውም ሚዛን ከዚህ አይወጣም። ማዘግየት ሊኖር ይችላል፣ ተጨማሪ ወረቀት አምጣ ማለት ሊኖር ይችላል።

«ኖ» ብሎ መያዝ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቪዛ ለማግኘት ጠቃሚ የሆነን ነገር አውቆ የዋሸ ሰው ለዘለዓለም ሊከለከል ይችላል፤ ማንሻ መንገዱ ጠባብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በማስለንያክ ጉዳይ፣ ዜግነት አግኝቶ የዋሸን ሰው በወንጀል ለመቅጣት ውሸቱ ዜግነቱን በማግኘቱ ላይ ሚና የነበረው መሆን አለበት ብሏል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ድረስ ተሟግቶ ለማሸነፍ ዕድሜም ገንዘብም ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ግን የኛ ትውልድ ነው። አንድ ልጅ ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ቪዛ ሲጠይቅ «ታስሬ አላውቅም» ብሎ ይሞላል፤ ደላላው እንዲያ መክሮታል። እዚያ ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ደግሞ «ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፣ ተገርፌያለሁ» ይላል። ሁለተኛው እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው ፎርም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፣ መርማሪውም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። በአንድ መስኮት የተደበቀ እስር በሌላው መስኮት ብቸኛ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ የተጎዳው ልጅ ውሸታም ይባላል። በጣም የሚያናድደን ይህ ነው። እስሩን መዝግቦ ያልያዘው አሳሪው መንግሥት ነው፣ ወረቀት ያልሰጠው እሱ ነው፣ ተዓማኒነቱን የሚያጣው ግን ታሳሪው ነው። እጅግአየሁና ሂሩት ስለደረሰባቸው ነገር ፍርድ ቤት ያቀረቡት ዋናው ነገር የራሳቸው ቃል ነበር። ያ ቃል ሳይሸራረፍ መቆየቱ ነው ከሊቀመንበሩ ቃል በላይ ያስከበረው።

ይህን ይዘን ለደካው አባት ደወልን። በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ እዚያው ፎቶ ቤት ተገናኘን። እንዳስረዳናቸው ብዙም አልተገረሙም። «እንግዲያው ጻፉት» አሉ። ልጁ «አዎ» የሚለውን ሲጫን ከሥሩ ማብራሪያ የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን ተከፈተ። ሳጥኑ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቀኑንና ቦታውን እዚያ አስገብተን ሙሉውን በደብዳቤ ለቃለ መጠይቁ እንዲይዙት ተስማማን። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ልጁ ይጽፋል፣ እኛ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሳለን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አራት እስረኞች በአንድ ብርድ ልብስ ይተኙ እንደነበር፣ ስም ሲጠራ የወጣው ሁሉ ወደ ቤት እንዳልሄደ፣ ሲፈቱ ባለቤታቸው ለቅሶ ልብስ ለብሳ እንደጠበቀቻቸው ነገሩን። ልጃቸው ይህን ሰምታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅናቸው። አሜሪካ ላለችው ለሷም ሆነ ለሌሎቹ ተናግረው አያውቁም።

ልጁ «ያሰረዎት የቀበሌ ሊቀመንበር ስሙ ማነው አባባ? ልጻፈው?» አለ።

ስሙን ነገሩት። ልጁ መተየብ ሲጀምር ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ትንሽ አሰቡ።

«ሰውየው ሞቷል» አሉ። «ልጁ ግን እዚያው አሜሪካ ነው ያለው አሉ። እሱም ይሄንኑ ፎርም ሞልቶ ይሆናል የሄደው።»

ልጁ እጁን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ።

«ቀበሌው ብለህ ጻፈው» አሉት።

ሁለት ገጽ ሆኖ ታተመ። ሦስት ኮፒ አስወሰዱ። አንዱን በፌስታል ጠቅልለው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት፤ ውጭ አሁንም ይዘንባል።